ኦሪን የዘለላቸው ገጾች

በኦሃዮ ኮሌጆች የንግግር ውድድር ላይ ኮሌጃችንን ወክሎ እንዲቀርብ የእኔ ጽሑፍ ተመረጠ። በአባቴ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ ላቲንን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ነኝና ምርጫው አልገረመኝም። ፕሮፌሰር ስቶዳርድ ግን አስጠሩኝ።

"ወይዘሪት ታይርዛ፣ ሴት ልጅ ወንዶች ፊት ቆማ አትናገርም። የክፍል ጓደኛሽ ኦሪን ያነብልሻል።"

"ኦሪን? የእናቱን ደብዳቤ ሲያነብ እንኳ የሚንተባተበው?"

"ደንቡ ነው።"

በውድድሩ ቀን ከሴቶቹ ጋር ሰገነት ላይ ተቀመጥኩ። ኦሪን ገና ከመጀመሩ፣ ጽሑፉ የሴት መሆኑን የሰሙ የባላንጣችን ኮሌጅ ተማሪዎች ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡ ጀመር።

"የሴት አፍ! ቀሚስህን ሰብስብ እንጂ፣ እንዳያደናቅፍህ!"

ኦሪን ፊቱ ቀላ። ሦስት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠና መደምደሚያውን አነብንቦ ወረደ። የዘለላቸውን ገጾች በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ተነስቼ ብናገር ግን ከኮሌጁ እባረራለሁ። ሽልማቱን ባላንጣዎቻችን ወሰዱት።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ኦሪን፣ "ምን ላድርግ ታይርዛ፣ ጽሑፍሽ ጉልበት አልነበረውም" አለኝ።

"ጉልበቱማ አንተ በዘለልከው ውስጥ ቀረ፣ ጀግናዬ።"

አንድም ሰው አልሳቀም። በማግስቱ የኮሌጃችን ወንድ ተማሪዎች ተሰብስበው፣ ከእንግዲህ የሴት ጽሑፍ ለውድድር እንዳይቀርብ ወሰኑ።

የመኝታ ክፍል ተጋሪዬ ሚነርቫ ለከርሞው ውድድር ንግግሯን ጽፋ ጨርሳ ነበር። ያን ቀን በሩን ዘግታ ከዳር እስከ ዳር ለእኔ ብቻ አነበበችልኝ።

"እንዴት ነው?"

"ከእኔው ይበልጣል" አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ክፍሉ ይበርድ ስለነበር ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ከተተችው።