ጫፉ ወደ በር

«ጸልዪለት» አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ፤ ኤሎይሳ ግን ሳትል ቀረች። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነዝሯት ነበር።

እማማ ቴንቻ ጸሎቱን ሳያቋርጡ ባንድ ዓይናቸው አዩዋት። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት ዘጠኙን ምሽት መቁጠሪያ ይዘው የሚያስጸልዩት እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ካንደበታቸው ተለይቶ መሥራት ከለመደ ቆይቷል። ኤሎይሳ ስልኩን እንደሚያለቅስ ሕፃን ዝም ልታሰኘው እጇን ኪሷ ላይ ጫነች። ከፊቷ፣ የባሏ የናሳሪዮ ሣጥን ባደረበት ወለል ላይ፣ በኖራ ዱቄት የተሠራው መስቀል ነጭ ብሎ ተጋድሟል። እስከ መጨረሻው ምሽት ማንም አይረግጠውም። ያን ለት ይነሣል፤ ኖራውም ተጠርጎ ወደ መቃብሩ ይሄዳል።

ጸሎቱ እንዳለቀ ወደ ማድቤት ገባች። አበልጇ ኤርሊንዳ ከቤተ ክርስቲያን በመጣው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ቀረፋ ያለበት ቡና እያፈላች ነበር።

«ምነው አበልጅ፣ ሟቹ ነው የሚደውልልሽ?» አለቻት። ኤርሊንዳ እንዲህ ናት፤ ለቅሶ ቤት ካልቀለደች ታማለች።

«የዬሴኒያ ስልክ ነው። ኮሌጁን እየጠበቅሁ ነው።»

«እሷስ እጅ የላትም?»

«ማየት አልፈልግም አለች። አንቺ ያዥው፣ ሲመጣ ንገሪኝ ብላ ጣለችልኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን አለ?»

ኤሎይሳ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ አየችው። «የጫማ ቅናሽ ነው።»

ኤርሊንዳ ሳቋን በሽርጧ ጫፍ አፈነች። ኤሎይሳም ሳቅ ያለች መሰላት፤ ግን ያፏ ዳር ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነበር የሄደው። አበልጇ ማንኪያውን ጥላ አቀፈቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇን ዬሴኒያን አንድ ጥሩ ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ በስተሰሜን፣ ቀን ሙሉ የሚያስነዳ። ግን ተቀብለንሻል ማለት ብቻውን ምን ያደርጋል? ከክፍያው ኮሌጁ ምን ያህሉን ይችላል የሚለው ገና ነበር። ሌሎቹ ኮሌጆች መልሰዋል፤ የሰጡት ድጋፍ ክፍያው ላይ የማይደርስ ነበር። የቀረው ይኸው አንዱ ነው። ናሳሪዮ በየማታው ከሥራ ሲገባ ገና ደፉ ላይ ቆሞ «መጣ?» ይል ነበር። «አልመጣም» ሲባል ነው ጫማውን የሚያወልቀው።

ጫማውን ሲያወልቅም ልማድ ነበረው። ጫፉን ወደ በር አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው። ለነዳጅ ጉድጓዶች ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ ነጂ ነበር፤ በማንኛውም ሰዓት ይጠራል። «ሥራ ሲጠራኝ እንደ ከብት መዞር አልፈልግም፤ ጫማዬ መንገዱን ያውቀዋል» ይላል። ሞት የጠራው ግን ቦቴው ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ በር ላይ ሞተሩን እንዳስነሣ። ተለዋጭ ቦት ጫማው አሁንም በሩ አጠገብ አለ፤ ጫፉ ወደ ውጭ። ሊያነሣው የሚደፍር ጠፍቶ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮት ይገባል።

ያለፈው መኸር ያን ኮሌጅ ለማየት ሦስቱም ሄደው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሲደርሱ ናሳሪዮ ወለሉን አየና ቀጥ አለ። እንደ ውኃ ያብረቀርቃል።

«እናንተ ግቡ፤ እኔ ጭቃ ነኝ» አለ።

«አባዬ፣ ሁሉም ሰው እኮ በጫማው ነው የሚገባው!» አለች ዬሴኒያ።

«ሁሉም ሰው የኔን መንገድ አልመጣም።» ጎንበስ ብሎ ቦት ጫማውን ፈታ፤ ጫፉን ወደ መውጫው አዙሮ ከግድግዳው ሥር አስቀመጠውና በካልሲው ገባ። አንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ጥበቃው ሳቀ። ዬሴኒያ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወደ መደርደሪያዎቹ መሀል ጠፋች። እሱ ግን ሰው የተኛበት ቤት እንደገባ ቀስ ብሎ እየተራመደ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይነካ፣ ከዳር እስከ ዳር አየው። ሲወጣ ለኤሎይሳ በጆሮዋ፣ «እዚህ ቁጭ ብላ ታየችኝ፣ መስኮቱ ጋ» አላት።

እናም በሐዘኑ መካከል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መልሱ መጣ። ዬሴኒያ ሱቅ ነበረች፤ አባቷን ብትቀብርም ፈረቃዋን የሚይዝላት አልተገኘም። ስልኩ ነዘረ። ኤሎይሳ የኮሌጁን ምልክት አየች።

«አበልጅ፣ ነይ! ዓይኔ አላይ አለኝ።»

ኤርሊንዳ እጇን ጠርጋ መጣች። የሁለቱ እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ይሆናል። «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን ግን ማንም ያውቀዋል፤ ትልቅ ሆኖ ተጽፏል። ከሥሩ የክፍያው ልክ አለ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች የተደረደረ ቁጥር፤ ከሁሉም በታች ድምሩ። ኤርሊንዳ በጣቷ ሁለቱን አስተያየች።

«እኩል ነው!» ብላ ጮኸች። «አበልጅ፣ እኩል ነው! ሁሉንም ሸፍነውላታል!»

ማድቤቱ ተናወጠ። የበቆሎ ሊጡን በቅጠል እያደረጉ ታማሌ የሚጠቀልሉት ሴቶች እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ኤሎይሳን አቀፏት። እማማ ቴንቻ ከሳሎን እየተንደረደሩ መጡ። «እኔ ብዬ አልነበር? ገና የሰማዩን ደጀ ሰላም ሳያልፍ ጠይቆላት ነው! ያ ግትር መቼ ዝም ይላል!» አሉና አለቀሱ። ኤሎይሳ ከመሀላቸው ወጥታ የኖራውን መስቀል ዳር ዳሩን ይዛ እስከ ባሏ ፎቶ ሄደች።

«መጣ» አለችው።

አመሻሽ ላይ ዬሴኒያ የሱቁን ሸሚዝ እንደለበሰች ገባች። ገና በሩን ሳታልፍ ሦስት ሴቶች ሳሟት። አንዷ «ዶክተራችን!» አለቻት። ልጅቱ ግራ ገብቷት እናቷን አየች፤ ኤሎይሳም ስልኩን ታቦት እንደያዘ ሰው በሁለት እጇ ሰጠቻት። ዬሴኒያ አነበበች። ወደ ታች ወረደች፤ ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ለሁሉም።»

ዬሴኒያ ከንፈሯን ነከሰች። «ስጦታው ይቺ የላይኛዋ ናት። ከሷ በታች ያለው ብድር ነው። ይሄ በኔ ስም፤ ይሄ ትልቁ ደግሞ በአንቺ ስም።»

«ብድር ከሆነ ምን ቆርጧቸው እንኳን ደስ ያለሽ ይላሉ?»

«እንዲህ ነው የሚጽፉት፣ እማ። ሁሉንም ደርድረው ድጋፍ ይሉታል።»

ኤርሊንዳ ያችን ድምር ያሳየችበትን ጣቷን በሌላው እጇ ጨብጣ ቆመች። «አፌን በቆረጠው» አለች። ያን ምሽት ሳትቀልድ ቀረች።

በማግስቱ ኤሎይሳ ራሷ ደወለች፤ ዬሴኒያ አጠገቧ ሆና ታስተረጉማለች። የቢሮው ሰው ድምፁ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። ድጋፉ የሚሰላው ባለፈው ሳይሆን ካቻምና በነበረው ገቢ ነው አለ። የቤተሰቡ ገቢ ደግሞ ካቻምና ደህና ነበር።

ካቻምና! ኤሎይሳ ዓይኗን ጨፈነች። ጉድጓዶቹ ሌት ተቀን ይሠሩ የነበረበት ዓመት። ናሳሪዮ የሰው ፈረቃ በራሱ ላይ እየደረበ፣ ቦቴው ውስጥ እያደረ፣ «ይቺን ዓመት ብቻ፣ ለልጅቱ» ያለበት ዓመት። ያ ገንዘብ ልጅቱ ጋ ሳይደርስ የእናቱ ኩላሊት በላው፤ ከዚያም ቀብራቸው። ወዲያው ሥራው ደረቀ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ገቢህ መቀነሱን ጻፍላቸው ብትለው አሻፈረኝ አለ። «በሕይወቴ አንድ ዓመት ወንድ ሆኜ ቤቴ ገንዘብ ባገባ፣ እሷንም አልነበረችም ብዬ ልለምንባት?» ብሎ ወጣ።

«አባቷ ሁኔታውን ቢያስረዱን ይታያል» አለ ሰውየው። «ፊርማቸው ብቻ ቢሆንም።»

ዬሴኒያ ይህን ማስተርጎም አቃታት፤ አንገቷን ደፋች። ኤሎይሳ ግን ገብቷታል። እስከዚያች ሰዓት ለሚጠይቃት ሁሉ «ሄደ» ነበር የምትለው። ስልኩን ተቀብላ፣ በተሰባበረው እንግሊዝኛዋ፣ «ሞቷል» አለች። ቃሉን እንደገና ደገመችው፣ ራሷም እንድትሰማው።

ሰውየው አዘነ፤ ከልቡ ነው ያዘነው። የሞት ምስክር ወረቀት ላኩልን፣ እንደገና እናየዋለን አለ። ወረቀቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ልጅቱ ግን እመጣለሁ አልመጣም የምትልበት ቀን እየደረሰ ነው። የዘንድሮው ድጋፍም ተከፋፍሎ ሊያልቅ ነው። «ቃል ልገባልዎ አልችልም፣ እመቤቴ» አላት።

መስቀሉ በሚነሣበት ለት ጠዋት ኤሎይሳ ባቄላ ስትለቅም ዬሴኒያ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«አልመጣም ብዬ መለስኩላቸው።»

ኤሎይሳ እጇ ባቄላው ውስጥ ቀረ። «ማን አዘዘሽ? እፈርማለሁ አላልኩሽም? እስክሞት እከፍለዋለሁ!»

«እሱን ነው የፈራሁት። ሱቁ ሙሉ ቀን ይሰጠኛል። እዚሁ እሆናለሁ።»

«አባትሽ ቢሰማ—»

«አባዬን አታምጪብኝ!» አለች ልጅቱ። «ለኔ ብሎ ሠርቶ ሠርቶ፣ የሠራው ነው ያስቀረኝ ልበል? አልልም! ማንም አይልም። እኔ ነኝ አልሄድም ያልኩት። ለሰው ሁሉ እንዲህ ንገሪ።»

ኤሎይሳ ባቄላውን መልቀም ቀጠለች። የሚጣለውን ከሚበላው መለየት ግን አልቻለችም።

ምሽት ላይ ቤቱ ሞላ። እማማ ቴንቻ ዜማውን አነሡ። ኤርሊንዳ የመስቀሉን ራስ በአበባ እቅፍ ጠርጋ ኖራው ወደ መቃብሩ ወደሚሄድባት ትንሽ ሣጥን አነሣችው፤ የናሳሪዮ ወንድሞች ክንዶቹን፣ አንድ ጎረቤት እግሩን። የመስቀሉ ልብ፣ መሀሉ፣ የሚተወው ለሟቹ ልጅ ነው። ዬሴኒያ ስትጠራ ከበሩ አጠገብ ነበረች። ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች፤ በካልሲዋ፣ ሰው የተኛበት ቤት እንደገባ፣ ቀስ ብላ መጣች። ተንበርክካ ጠረገችው። የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ኖራ ግን አልነሣ አለ፤ በጥፍሯ ስትጭረው እማማ ቴንቻ እጇን ያዙ። «ተይው ልጄ። እሱ ይቆይ።»

ሁሉም ዓይኑ እሷ ላይ ሳለ ኤሎይሳ ወደ በሩ ሄደች። የልጅቱ ጫማ እንደ ወለቀ፣ ጫፉ ወደ ቤት ዞሮ፣ ከአባቷ ቦት ጫማ አጠገብ ተቀምጧል። አነሣችው። አቧራውን በሽርጧ ጠረገችለት። ከዚያ ጫፉን ወደ በሩ አዙራ፣ ከእሱ ጫማ እኩል አድርጋ አስቀመጠችው።

ሰዉ ተነሥቶ ቡና መባል ሲጀምር ዬሴኒያ ስኒ ለማምጣት በበሩ በኩል አለፈች። ጫማዎቹን አየች። ቁጢጥ አለች፤ የአባቷን አልነካችም፤ የራሷን ብቻ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ወደ ቤት መልሳ አዞረችው።