መንገድ ላይ የተወለዱት

የመንደሩ ሊቀመንበር ኤልፒድዮ የካራኦኬውን ማይክራፎን ሁለት ጊዜ በጣታቸው መቱ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና ብስኩቱ ማለቁን በጥልቅ ሐዘን ለለቀስተኛው አስታወቁ። ቡናው ግን አለ። ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ለአፍታ እጃቸውን ገቱ።

ለቅሶው አምስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ቀብሩ እንደ አገሩ ልማድ በዘጠነኛው ነው። መንደሩ ሁሉ ሎላ፣ አያቴ፣ የሚላቸው የልምድ አዋላጇ ኢሉሚናዳ ከሬሳ ሳጥኑ መስታወት ሥር ተኝተዋል። ብቸኛ ልጃቸው ፔርሊታ ራስጌያቸው ተቀምጣለች። እሷ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት።

«እናትሽ ሕግ አክባሪ ነበሩ» አሉ ሊቀመንበሩ አጠገቧ ወንበር ስበው። «ቤት መውለድ ከተከለከለ ወዲህ እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ የቤት ወሊድ የለም። የተሸለምንበት ሰርተፊኬት ቢሮዬ ተሰቅሏል።»

«መንገድ ላይ የተወለዱ ግን አሉ፣ ጋሼ።»

«የሳማር ደሴት መንገድ መጥፎ ነው።»

«ባጃጅ ውስጥ።»

«ባጃጁም መጥፎ ነው።»

ቤቷ የወለደች ትቀጣለች፤ ያዋለዳትም ይቀጣል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ምጥ የቀደማትን ግን ማንም አይነካትም። ስለዚህ በመንደሩ ምጥ በጣም ፈጣን ሆኗል።

ከፔርሊታ ጀርባ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ጤና ጣቢያማ እግርሽን ሰቅለው ምሳ ይሄዳሉ።»

«ደም ሲፈስሽስ? ሎላ የምን ግሉኮስ ሊሰቅሉልሽ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

ልጅቷ ሰምታለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

በመጋቢት ሮሰንዳ የምትባል ወላድ ሞታለች። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ስትደርስ ከንፈሯ ነጥቶ፣ የባጃጁ ወለል በደም ርሶ ነበር። ባሏ ኔስቶር አራስ ልጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ «መንገድ ላይ መጣባት» አለ። የሕፃኑ እትብት ቋጠሮ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ፔርሊታ አላየችም። ማለት፣ ሸሚዙን እሷ አልገለጠችም።

በዚያው ዕለት እናቷ ቤት ሄደች። እሳቸው ሩዝ ይለቅሙ ነበር።

«እማዬ፣ ሮሰንዳ ጋ ነበርሽ?»

«ልታሳስሪኝ ነው?»

«ነበርሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አንቺን እዚህች ምንጣፍ ላይ ነው የወለድኩሽ። ሞትን እንዴ?»

«ደም የሚያቆም አንድ መርፌ ያተርፋት ነበር። መርፌው ጤና ጣቢያ ሞልቷል እኮ።»

«ታዲያ መርፌሽን ይዘሽ ለምን አትመጪም?»

አትመጣም። ቤት ሄዶ ማዋለድ ለነርስም ክልክል ነው። ሎላ ሩዛቸውን ትንሽ ለቀሙና፣ «በእናቴ አጥንት እምላለሁ፣ እጄን ሰብስቤያለሁ» አሉ። ፔርሊታ ተመልሳ መዝገቡ ላይ «መንገድ ላይ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ያወሩት ስለ ሩዝ ብቻ ነበር።

አሁን የምትጠይቀው ሰው የለም። መሐላው ውሸት ከሆነ ሮሰንዳ የሞተችው በሎላ እጅ ነው፤ የሸፈነችውም ፔርሊታ ራሷ ናት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሳጥኑ ለቀብር ሊነሳ ሆነ። በመንደሩ ደንብ፣ ሟች እየሳሳች ተመልሳ እንዳትመጣባቸው፣ የልጅ ልጆቿ ከሳጥኗ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራሉ። አዋላጅ ከሆነች ደግሞ እትብታቸውን የቆረጠችላቸው ሕፃናት ሁሉ የልጅ ልጆቿ ናቸው። ፔርሊታ አልወለደችም፤ የቤት ወሊድም የለም። ተሸካሚዎቹ ጎንበስ አሉ።

«ቆዩማ» አለች ከበሩ አንዲት ሴት። የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፋለች።

ከኋላዋ ሌላዋ መጣች፤ ከሷም ኋላ ሌላዋ። አንዷ ስታቀብል አንዷ ትቀበላለች። አራተኛዋ የሊቀመንበሩ ልጅ ነበረች፤ እሳቸው የባርኔጣቸውን ውስጥ በጥሞና መመርመር ጀመሩ። ፔርሊታ ፊቶቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ሁሉንም «መንገድ ላይ» ብላ የጻፈቻቸው እሷ ናት።

ሰልፉ አለቀ ሲባል ኔስቶር ገባ። የመጋቢቱን ሕፃን ይዟል። ሳጥኑ ጋ ደርሶ ቆመና፣ ማንንም ሳያይ፣

«ተቀባይ የለኝም» አለ።

ፔርሊታ ከወንበሯ ተነሳች። ሳጥኑን ዞራ ከማዶ ቆመች፤ ሁለት እጇንም ዘረጋች።