ስድስተኛዋ ጳጉሜ

መሰለች አቃቂ በሰቃ ልብስ መስፋት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ጳጉሜን አይታት አታውቅም። ሌላው ሰው በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቅ፣ ዘመድ ሲጠይቅ፣ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች ዓመቱ ያልቅባታል። የአቃቂ ሰው ደግሞ ቀሚስ እንደሚያስፈልገው ትዝ የሚለው ምንጊዜም ጳጉሜ ከገባች በኋላ ነው፤ ምን እንደሚነካው እንጃ!

ዘንድሮ ቀኝ እጇ አስቸገራት። ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ መርፌ ሳታውቀው ከእጇ ይወድቃል። የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ «ካላሳረፍሽው መርፌ መያዝ ጨርሶ ታቆሚያለሽ» ሲል ቁርጡን ነገራት። «እሺ፣ በዓሉ ይለፍ» አለችና ተመልሳ መኪናዋ ላይ ቁጭ።

ጳጉሜ አምስት ከሰዓት የመጨረሻውን ቀሚስ አስረክባ፣ ብጥስጣሹን ጠራርጋ፣ ጎረቤቷን ጨርቅ ሻጩን ሀይረዲንን፣ «እንግዲህ ነገ እንኳን አደረሰሽ በለኝ» አለችው።

«ነገማ ጳጉሜ ስድስት ናት! ዘንድሮ ሉቃስ አይደል እንዴ? እኔ ሙስሊሙ ላስታውስሽ?» ብሎ ሳቀባት።

መሰለች መጀመሪያ በራሷ ተናደደች። ቀጠሮውን ሁሉ ለአምስት ሰጥታ ዓይኗ እስኪቀላ የሰፋችው በከንቱ ነበር። ቀጥሎ ግን ልቧ በደስታ ዘለለ። ለማንም ያልተሰጠች አንድ ቀን ተገኘች! ነገ ፍልውሃ ሄዳ እጇን በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ ተመልሳም ትተኛለች። ማንም ቢመጣ አትሰፋም።

በማግስቱ ጠዋት ፎጣዋን በፌስታል ይዛ ከሱቋ ጀርባ ካለው ቤቷ ስትወጣ፣ እትዬ አሰፋች ቀሚስ ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ አሰፋች የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና የገዙላት ሴት ናቸው። እምቢ ብላቸው አታውቅም።

«ተመስገን፣ እግዜር አንድ ቀን ጨመረልን!» አሉ። «የልጅ ልጄ ቀሚስ ነው፤ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው። ላንቺ ምን አላት?»

«አልሰፋም፣ እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

«አልሰፋም። እጄ ታሟል፤ ዛሬ አሳርፈዋለሁ።»

«እጁን የማያመው ማን አለ?»

መሰለች ቀኝ እጇን ዘረጋችላቸው። «ይቆንጥጡኝ።»

«ጤና የለሽም እንዴ?»

«ይቆንጥጡኝ፤ አይዘኑልኝ።»

አሮጊቷም ተናደው ነበርና ጠቋሚ ጣቷን በጥፍራቸው ቆነጠጧት። ዝም ስትላቸው ጠበቅ አደረጉት። መሰለች ሕመሙን እየጠበቀች ነበር። ሕመሙ አልመጣም። እትዬ አሰፋች እጃቸውን ሲያነሱ ጣቷ ደም ቋጥሯል፤ ሁለቱም ፈዘው አዩት። መሰለችን ፍርሃት ወረራት። እስከዚህ የደረሰ አልመሰላትም ነበር።

«እኔን ልጄ!» አሉ እትዬ አሰፋች፤ ቀሚሱን ነጠላቸው ውስጥ ወሸቁት። «የአምናውን ትልበስ። ሂጂ፣ አሁኑኑ ሂጂ።»

መሰለች ግን ከመሄዷ በፊት ጠመኔ አወጣችና በግራ እጇ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ የሱቁ በር ላይ «እስከ መስቀል ዝግ ነው» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆማ አየችው። ራሷን ነቀነቀችና በፎጣዋ አጠፋችው፤ እንደገናም ጻፈች፦

«እጄ እስኪድን ዝግ ነው።»