አሜን ያሉት ሰዎች

መርዶ በስልክ አይነገርም ይላሉ፤ እሺ፣ አይነገር። ግን መርዶውን ሆዷ ውስጥ ቀብራ ከእናቷ ጎን የምትቀመጠዋን ልጅ ማን አሰባት? ሀናን ማንም አላሰባትም። አጎቷ ኦቦ ሌታ በጠዋት ከአምቦ ደውለው፣ ወንድሟ ምትኩ ድንገት ታሞ ማረፉን ነገሯት። እናትሽን ታሟል ብለሽ ይዘሻት ነይ፤ እዚህ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራታል፤ እስከዚያ አደራ፣ እንባሽን እንዳታይ ብለው ዘጉት።

እናቷን ታሟል ብላ ይዛ የተሳፈረችበት የአምቦ ሚኒባስ ከጌዶ እንደወጣ ሀና ፌስቡክ ከፈተች። ማልቀስ ስለተከለከለች ቢያንስ መጻፍ አማራት። «ወንድሜ ምትኩ» ብላ ጀመረች። እናቷ ወይዘሮ ፈትለወርቅ አንገታቸውን ሰገግ ሲያደርጉ ግን ደነገጠችና ሳትለጥፍ ረቂቅ ውስጥ አስቀመጠችው።

እናትየው ስልኩን ሲያዩ ሐሳብ መጣላቸው። ሰው ሁሉ ይጸልይለት፣ ጻፊልኝ አሉ። ልጄ ታሞብኛል፣ ልጅ ያላችሁ ሁሉ አሜን በሉልኝ ብለው ራሳቸው አስጻፏት። ለሞተ ሰው ይማርህ ተብሎ ይለጠፋል? መሞቱን የሰማ ሁሉ ከሥሩ ነፍስ ይማር ቢልስ? ሀና ይህንንም ረቂቅ ውስጥ አስቀመጠችና ለጠፍኩት አለች።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባቢች ሲደርሱ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ማን አሜን አለ ብለው ጠየቁ። ማንም አላለም ብትል አንጀታቸው ሊቆረጥ ነው። የምትኩ ጎረቤት ዶርቃስ ብላለች አለች። ሌላስ? የሥራ ባልደረባው ከበበው። ሌላስ? ኦቦ ሌታ። ወንድሜማ ምን ጊዜም አንጀቱ ይራራለታል አሉና ፊታቸው ፈካ። ሀናን ሚኒባሱ ጠበባት፤ መውረድ የለ፣ ማልቀስ የለ፣ ዝም ማለት እንኳ የለ። ጉደር ላይ አሜን ባዩ ስለበዛ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱት ሴትዮ ሙዝ ልጠው በሉ። ይህን ሁሉ ሰው እግዜር አያሳፍርም፣ ልጄ ይተርፋል አሉ። ሀና ያን ጊዜ ራሷን ጠላች።

አምቦ ገብተው ባጃጅ ያዙ። ምትኩ ቤት በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወርደው ቀጥ ብለው ቆሙ። ዶርቃስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከበበው አንገቱን ደፍቶ፣ ኦቦ ሌታ ጋቢያቸውን አደግድገው ወደ እሳቸው መጡ። እናትየው አልጮኹም። ሦስቱንም በየተራ አዩና የወንድማቸውን ጋቢ ጨብጠው ያዙ።

«ሌታ፣ አንተ አሜን ብለህ አልነበረም እንዴ?»

ኦቦ ሌታ ነገሩ ስላልገባቸው ሀናን አዩ። ሀና ከባጃጁ መውረድ አቃታት። ከጠዋት ጀምሮ የታገደው እንባዋ አሁን ወረደ፤ እናቷ ግን ዞረው አላዩዋትም።