የተማሪ ወንበር

«እሷማ ታውቅ ነበር» አለች የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አለቃ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንደያዘች። «ሐኪም ሳይነግራት ነው ያወቀችው።»

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ልብስ ሰፊው ግድግዳ ተደግፎ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ሻይ ትቀዳለች። ፊት ለፊቱ፣ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙት ወንበሮች ላይ፣ ከሟች ታናሽ እህቱ ጋር የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡና ሲተኩሱ የኖሩት ሴቶች ተደርድረዋል። ጣታቸው በሳሙና ብዛት ነጥቷል።

«ምኑን ነው ያወቀችው?» አለ።

«የቆሽቷን ነገር ነዋ። የዛሬ አራት ወር ገደማ፣ ያንን ትምህርቷን በአንድ ጆሮዋ እየሰማች ስትተኩስ፣ ካውያውን አቁማ ቀጥ አለች። ‹ይሄ መምህር የሚያወራው የእኔን ጎን ነው› አለችኝ። በማግስቱ ካርድ አወጣች። መርምረው፣ ነቀርሳ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል አሏት።» ብርጭቆዋን ዞር ዞር አደረገች። «ለማንም አትንገሪ ብላ አስማለችኝ። ለእርስዎማ ሳትነግር አትቀርም ብዬ ዝም አልኩ።»

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ነግራኛለች ማለቱ ይሁን አልነገረችኝም ማለቱ፣ ከተቀመጡት አንዳቸውም አልለዩትም። እሱ ያወቀው ዐይኗ ቢጫ ሆኖ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የቀራት ሦስት ሳምንት ነበር።

ሴቶቹ «ያጥናችሁ» ብለው ወጡ። በሐዘኑ ላይ ሌላ ነገር ተደረበበት። አንድ ምሽት ትዝ አለው።

የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ የአንድ ሙሽራ ሱፍ እያጣደፈ ነበር። እህቱ ከሥራ መጥታ፣ ሳትቀመጥ፣ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ስለ ቆሽት ተማርኩ።»

ቀና አላለም። «ዶክተሯ መጣች። የእኔን ቆሽት ሳታሳርሪ ይልቅ እነዚህን ቁልፎች ትከይልኝ።»

ሳቀች። ሦስት ቁልፍ ተከለችለት፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ደህና እደር ብላው ግቢውን አቋርጣ ወደ ክፍሏ ሄደች። የሆነው ይኸው ነው።

ታዲያ ያን ምሽት ልትነግረው መጥታ ነው? ወይስ እንደ ወትሮው የዕለቱን ትምህርት ልትዘረግፍለት? ይህን ሳይለይ እንቅልፍም ጸሎትም እንደማይሆንለት ገባው።

መለየቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ እህቱ የተማረችውን ሁሉ ትነግረው ነበርና። ከዘጠነኛ ክፍል የወጣች ሴት ናት። የወጣችውም እሱ ስፌት እስኪለምድ ቤቱን የሚይዝ ጠፍቶ ነው። ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ፣ የጡረተኛው ሾፌር ልጅ፣ የግቢያቸው ተማሪ፣ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ለተማሪ ሁሉ በነፃ ኢንተርኔት ላይ እንደዘረጋው አሳየቻት። እህቱ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችና ሁሉንም ጀመረች። ሒሳቡን፣ ሕጉን፣ ስለ ድንጋይ ዕድሜ የሚያወራውን፣ የከዋክብቱን፣ የሰው ገላውን።

«አንዱን መርጠሽ ብትይዢ ምን አለበት?» ሲላት፣

«ሰው የዘረጋልህን ገበታ አንዱን ቀምሰህ ሌላውን ትገፋለህ? ነውር አይደለም?» አለችው።

ግቢው ስሟን ትቶ «ዩኒቨርሲቲ» ይላት ጀመር።

የብቻዋ የሆነ ሥርዓትም ነበራት። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት አሥር ሰዓት ሲደርስ፣ መምህሩ ንግግሩ መሐል ቢሆንም ትዘጋበታለች። በአንድ የእረፍት ቀን ይህንን ስታደርግ አይቶ ምን ሆነሽ ነው አላት።

«ልጆቹ መጡ። ወንበር ልልቀቅ።»

«የምን ወንበር?»

«ክፍል አይደለም እንዴ? እኔ አሮጊቷ እዚያ ተዘርፍጬ አንዱ ምስኪን ተማሪ በር ላይ ይቅር?»

ተማሪዋ ይሄ ክፍል አይሞላም፣ ሺህ ሰው ቢገባበት ለሺህ አንደኛው ቦታ አለው ብላ ምላ ተገዝታ ነገረቻት። አላመነችም። «ነፃ የተባለው ለተማሪ ነው፤ እኔ ትርፍ ነኝ» አለች። ሾፌሩም ከደጁ ሆኖ፣ «ትርፍ ከሆንሽ ፖሊስ ሲመጣ ጎንበስ በያ» አላትና ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሥርዓቷን ግን አልለወጠችም።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች ያንሾካሽካሉ።

«ለመሆኑ ዲግሪ ሰጥተዋት ነበር?»

«አይሰጡም አሉ። ነፃ ነው።»

«ታዲያ ምን አደከማት?»

ሾፌሩ ጣልቃ ገባ። «አንተስ ሠላሳ ዓመት ካርታ ስትጫወት ማን ዲግሪ ሰጠህ?»

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ እንደ ሩቅ ድምፅ ነው የሚሰማው። ተማሪዋ ብርጭቆ ልትሰበስብ ስትገባ በዐይኑ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት።

«ልጄ፣ ያ ትምህርቷ መቼ ምን እንደሰማች ይጽፋል?»

«ይመዘግባል ጋሼ። ቀኑንም ሰዓቱንም።»

የእህቱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «የቆሽቱን ፈልጊልኝ።»

ጣቷ በስልኩ ላይ ወረደ፣ ወጣ። «ይኸው። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተሰምቷል። ሥራ ቦታ ሆና ነው።»

የሙሽራው ሱፍ የተወሰደው ዓርብ ጠዋት ነበር። እንግዲያው ቀኑ ያው ነው።

«ሌላስ አለ?»

ልጅቷ ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠጋችው። «ያንኑ ቀን ማታም አለ። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ።»

«ማታ አትገባም እኮ።»

«አትገባም። ለፈተና ስጨነቅ እንኳ፣ ‹ነገ ጠዋት አብረን እንሰማዋለን፣ አሁን ያንቺ ሰዓት ነው› ትለኝ ነበር።» ዝርዝሩን እስከ ታች አወረደችው። «በሁለት ዓመት ውስጥ ማታ የገባችው ይቺን ቀን ብቻ ነው። አራት ጊዜ ደጋግማዋለች።»

አንድ ሰዓት ከሃያ። ቁልፉን ተክላ የወጣችው አንድ ሰዓት ግድም ነው። ከእሱ በር ወጥታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ክፍሏን ዘግታ፣ ከተማሪ እንዳትቀማ ስትፈራ የኖረችውን ወንበር ቀምታ ተቀመጠች። የምታዋየው ሰው ብታጣ መምህሩን አራት ጊዜ አስደገመችው።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል እያለ ለደንበኞቹ ሲተርት የኖረ ሰው ነው። አሁን ተረቱ ለራሱ ደረሰው።

«ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ማለቴ ነው…» ብሎ ተወው።

«አልፎበታል ብለዋት የለ ጋሼ? የሚለወጥ ነገር አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ስለ መዳኗ አይደለም የማወራው።»

ልጅቷ ስልኩን በቀስታ መለሰችለት። «ከዚያ በኋላም እኮ ማታ ማታ እየመጣች ታጫውትዎት ነበር።»

«አዎ» አለ። «ስለ ከዋክብት።»

አራት ወር ሙሉ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ድንጋይ ዕድሜ፣ ስለ ሕግ አጫውታዋለች። ስለ ሰው ገላ አንድም ቀን አላነሣችም። እሱም አላስተዋለም። እንዲያውም በዚያ ሰሞን ጨዋታዋ አምሮለት ነበር።

ሊመሽ ሲል ለብቻው ሆኖ ሊጸልይ ሞከረ። ለነፍሷ የሚለምነው ቃል አልመጣለት አለ። ቃሉን ትቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ቢናገርም ባይናገርም ፈጣሪ የልቡን ያውቃል ብሎ።

በአራተኛው ቀን ወንበሮቹ ወደየባለቤታቸው መመለስ ጀመሩ። የቀሩት ሾፌሩና ሁለት ሰዎች ናቸው። የልብስ ሰፊው ሚስት ብርጭቆዎቹን በሰፊ ትሪ ደርድራ ስታልፍ፣ በር ላይ ቆም አለች።

«ሰሞኑን ደግሞ ይቺ ክንዴ እየደነዘዘች አስቸገረችኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«ሻይ ስትቀጂ ሰንብተሽ ምን ታድርግ፤ ፈቃድ እየጠየቀችሽ ነው» አለ ሾፌሩ። ሰዎቹ ሳቅ አሉ፤ እሷም ፈገግ ብላ መንገዷን ልትቀጥል ነበር።

ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ትሪውን ከእጇ ተቀብሎ ወለሉ ላይ አኖረው። ወደ ፍራሹ መርቶ አስቀመጣት።

«ተወኝ እባክህ፣ ሥራ አለብኝ» አለች፣ ሰው ፊት አፍራ።

«ቆይ እስቲ።» አጠገቧ በርከክ አለና እጅጌዋን ቀስ አድርጎ እስከ ክርኗ ሰበሰበላት። ክንዷን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከየት ጀምሮ ነው?»