ፍሬኑ፣ ላንጊ እስክትወጣ

…ፍሬኑን ለማሠራት ማክሰኞ አይሆንም፣ ማክሰኞ ጎደሬው ገበያ ይወርዳል፣ ሐሙስም አይሆንም፣ የጋራዡ ሰውዬ ጠዋት አምጣና ማታ ውሰድ ይላል፣ ማታ ማለት በእሱ አፍ ነገ ማለት ነው፣ ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ላንጊ አለች። ሰኞ ላንጊ። ረቡዕ ላንጊ። እሁድ የእግዜር ነው፣ እሁድ ብሎን የፈታ ሰው በመንደሩ ዓይን ክርስቲያን አይደለም። ቅዳሜ ጓዳው ሁሉ የእሁድን ምሳ ሲያሰናዳ እንጨቱንም ኮኮናቱንም የሚያመጣው ይኸው ፒካፕ ነው፣ ስለዚህ አሌሳና ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር፣ መሪውን እንደጨበጠ ተቀምጦ ቀኖቹን ወዲያና ወዲህ ይገፋል፣ ሳምንት ሰባት ቀን ብቻ መሆኑ ዛሬ ገና ይገርመዋል፣ ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በቅቶት ነበር።

እህቱ ላንጊ አሁን ገባች። ነርሷ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ደሟን አውጥቶ አጥቦ የሚመልሰው ማሽን አራት ሰዓት ይይዛታል፣ ኩላሊቶቿ ከደከሙ ሁለት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ተራራውን ወጥቶ ተራራውን ወርዶ፣ እሱ ነጂ እሷ ተሳፋሪ። አውቶቡስ አለ እኮ ያሏት ነበሩ። አውቶቡሱ ሲሞላ ሰው ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል፣ እሷም፣ በዚህ ገላዬ የማንም ጭን ላይ አልቀመጥም፣ የወንድሜ መኪና ካልወሰደኝ ቤቴ ተኝቼ ጌታዬን እጠብቃለሁ አለች። ቀልዷን አልነበረም። ላንጊ ስትቀልድ እንኳ ቀልዷን አይደለም። እና ፍሬን ከሌለ መኪና የለም፣ መኪና ከሌለ…

አይጨርሰውም።

ዛሬ ጠዋት ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የወረደው፣ ከኋላው ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ይንፋ፣ ፔዳሉን በነካ ቁጥር ከግራው ጎማ ብረት ብረትን ሲበላ ይሰማል፣ እሷ እጇን ዘርግታ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። ያልሰማ ሰው ሬዲዮ ከፍ አያደርግም። የሰማ ነው።

ሁሉም በረቡዕ መጣ። አይደለም፣ ከረቡዕ በፊትም ነበረ፣ ረቡዕ ዕለት ግን አደባባይ ወጣ። ተራዋ ዘግይቶ ሲመለሱ ፀሐይዋ ባሕር ልትገባ ነው፣ የማታ ጸሎቱ ዛጎል ተነፍቷል፣ ወጣቶቹ ሽርጣቸውን ታጥቀው በመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድረዋል፣ መንደሩ በየቤቱ አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል፣ በዚያች ሰዓት እንኳን መኪና እግረኛም አያልፍም፣ እሱ ራሱ በጎረምሳነቱ እዚያው ዳር ቆሞ ስንቱን መኪና በድንጋይ መልሷል፣ ያውቃል፣ ከሩቅ አየ፣ ረገጠ፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ፣ ፒካፑም የመጀመሪያውን ልጅ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛውን አለፈ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ዝግ ብሎ፣ እያፏጨ፣ ሰው ሁሉ አባታችን ሆይ በሚልበት መሃል። አራተኛው ልጅ ጸሎቱን እንዳይረብሽ በሹክሹክታ፣ አባባ፣ ወዴት ነው? አለው። ወዴት እንደሆነ እሱ መች አወቀ።

በማግስቱ የመንደሩ ባለማዕረግ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና አንድ ካርቶን የታሸገ ዓሣ ፈረዱበት። ከፈለ። ፍሬኔ ነው አላለም፣ ፍሬኑን ሳያይ መንገድ የወጣው ማን ሆነና። በዚያ ካርቶን ዋጋ የፊቱን የፍሬን ሸራ ገዝቶ መልስ ይቀበል ነበር። ሳምንት ይቆይ፣ ወር ይቆይ ሲል፣ ቁጠባ ነው ሲል። ቁጠባ።

ደግሞ ጋራዡ፣ ጎንበስ ብሎ ሳያይ፣ አራቱንም ነው የምትቀይረው አለው፣ ዲስኩንም፣ ዘይቱንም፣ ትንሽ ቢቆይ ወንበሩንም ይል ነበር። ደግሞ ሴሚሲ፣ የሚስቱ የእህት ልጅ፣ እጁ ወርቅ ነው፣ አጎቴ፣ እኔ እያለሁ ጋራዥ ትሄዳለህ? በነጻ ነው የምሠራልህ አለ። በነጻ። ሴሚሲ በነጻ ሲመጣ ከሦስት ጓደኛ ጋር ነው፣ ይበላሉ፣ ደግሞ ይበላሉ፣ በማግስቱ የሴሚሲ አማት ማዕረግ ሊቀበል ነው፣ ዘመድ ያዋጣ ይባላል፣ ፒካፑ ከነነዳጁ ይሄዳል፣ ላንጊ የሸመነችው ምንጣፍ ይሄዳል፣ አምና ባትሪ በነጻ ቀይሮለት አንዲት እናት አሳማ ሄደች። ጋራዡን ተበድሮም ይችለው ይሆናል፣ ነጻውን ግን አቅሙ አይችለውም።

አራት ሰዓት።

ጥላው ላይ፣ ማናሴና ሌሎቹ ዳማ ይጫወታሉ፣ እነሱም የታማሚዎቻቸውን መውጣት የሚጠብቁ ነጂዎች ናቸው፣ ጠጠሩን ሲመቱ ቷ ይላል፣ አራት ሰዓት፣ በሳምንት ሦስቴ፣ እሱ ከዚህ ዛፍ ሥር ሲያንቀላፋ፣ ጉንዳን ሲያይ፣ ዳማ ሲሸነፍ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቀን አጣሁ እያለ ሳምንቱን ሲበረብር ቀኑ ላይ ተቀምጦበት ኖሯል። መቼ? አሁን። የት? እዚህ።

መኪናው በክሪክ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ላንጊ ብትወጣስ፣ ከማሽኑ ስትነሳ እግሯ አይጸናም፣ ፀሐይ ላይ የት ትቆያለች፣ ማንስ ተራራውን ያሻግራታል፣ ዛሬ ካልሆነ ግን ቁልቁለቱ ከሰዓት በኋላ ይጠብቃቸዋል፣ የመልሱ ቁልቁለት ከመምጫው ይብሳል፣ ያውቀዋል።

ይወርዳል። ከወንበሩ ሥር ቁራጭ ካርቶን ያወጣል፣ ትናንት የፊት ጎማዎቹን ፈትቶ አይቷል፣ የግራው ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን መላስ ጀምሯል፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ገና መላስ ነው፣ አልነከሰም፣ እና የቀኙን ሸራ አውጥቶ ካርቶን ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በከሰል ሥሎ መለሰው። የመለዋወጫ ሱቁ ታች መታጠፊያው ላይ ነው፣ በእግሩ ይሄዳል፣ አይሮጥም፣ አይቆምም፣ ሻጯ ልጅ የመኪናውን ዓመት ትጠይቃለች፣ አላውቅም፣ ሞዴሉን፣ አላውቅም፣ ታርጋውን፣ ፒካፑ ላይ ተጽፏል፣ ፒካፑ የታል አባባ? እዚያ ላይ። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ያኖራል። ትስቃለች፣ ጓደኛዋን ትጠራለች፣ ጓደኛዋም ትስቃለች፣ ፊደል ሳይማር ያረጀ ሰው ሳቅ ለምዷል፣ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሳጥን ሰፊ። ሁለተኛው ጆሮው በሌላ በኩል። ሦስተኛውን በከሰሉ መስመር ላይ ታሳርፈዋለች፣ ልክክ። ሁለቱም ሳቃቸውን ይተዋሉ። አባባ፣ ይሄ ነው ትላለች። እሱ ደግሞ ይሄ መሆኑን ያውቃል፣ ዋጋው ጋራዡ ከጠራው ሩቡ ነው፣ ሩብ እንኳ አይሞላም፣ ኪሱ ውስጥ የሚቀር ኖት አለ፣ ሲመለስ ዳገቱ ቀሎታል።

ለኋላው ጎማ ድንጋይ ለታኮ። የእጅ ፍሬን። ክሪክ። አሌሳና ሆስፒታል በር ላይ ቀዶ ጥገና ጀመረ ይላል ማናሴ ከዳማው ሳይነሳ፣ ያኛው ደግሞ ታማሚው ፈርሟል ወይ ይላል፣ ይሳቁ፣ ቀኙ እንደ ሙዝ ይላጣል፣ አሮጌው ወጣ፣ የአናጢ መቆንጠጫ ያለው አለ? ከዳማ ተጫዋቾቹ አንዱ ሚስቱን የሚጠብቅ አናጢ ነው፣ ከመኪናው አምጥቶ ይወረውርለታል፣ ሸራውን የሚገፋውን ብረት ወደ ውስጥ ገፍቶ ይመልሳል፣ አዲሱ ገባ፣ ጎማው ታሰረ፣ አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ አንድ ሰዓት እንኳ።

ግራው ግን።

ጎማው ወልቋል፣ ሸራውን አቅፎ የያዘው ብሎን ግን አይላወስም። ጨው ነው፣ የባሕር ዳር መንገድ ጨው፣ ይጎትታል፣ ክብደቱን ይጥልበታል፣ ክብደት አለው እንዴ፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ይጠብቃል፣ ይጎትታል፣ ቁልፉ ያመልጥና የእጁ አንጓ ይላጣል፣ ደም፣ ይሁን፣ ጥላው ከመኪናው አፍንጫ ወደ በሩ ደርሷል፣ ማሽኑ ደሟን እየመለሰላት ነው፣ አንድ ሰዓት ቀራት፣ አንድም አይሞላም፣ ምን አስቤ ነው እኔ፣ አርጅቼ፣ እህቴን በመንገድ ላይ ልጥል፣ ነጻውን ሴሚሲን እንኳ ብለምን፣ አሳማው ቢሄድ ምን ነበረበት…

ማናሴ ጠጠሩን ጥሎ ይነሳል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፣ ሆዱ ቀድሞት ይመጣል፣ በእጁ ክንድ የሚያህል የውሃ ቱቦ አለ፣ ቁልፉ እጀታ ላይ ይሰካዋል፣ ግን አይጎትትም፣ ቀጥ ብሎ ያየዋል። ቆይ፣ እናትህ የየት ናት?

አሌሳና ይነግረዋል። አባትህስ? ይነግረዋል። ማናሴ በጣቱ ይቆጥራል፣ አያቱን ይጠይቃል፣ የአያቱን እህት ያገባውን ይጠይቃል፣ በዚህ ሁሉ ብሎኑ እንደቆረበ ነው፣ በመጨረሻ እጁን ያርገፈግፋል።

በምንም አንገናኝም። ዘመዴ አይደለህም።

አይደለሁም።

ተመስገን በል፣ እንግዲህ ይሄ ጉልበት ብቻ ነው፣ ምንጣፍ የለ፣ አሳማ የለ። ጎትት።

አብረው ይጎትታሉ። ጯ ይላል፣ እንደ ጥይት፣ ዳማው ጋ ያሉት ቀና ይላሉ፣ ብሎኑ ዞረ፣ ዞረ፣ የዓለም ጨው ሁሉ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በኋላ እጁ ራሱ ያውቃል፣ አሮጌው ወጣ፣ የወረቀት ያህል ነው፣ ማናሴ ለፀሐይ ከፍ አድርጎ አይቶት፣ በዚህ ነው ተራራውን የወረድከው? አለና መለሰለት፣ አዲሱ ገባ፣ ጎማው ገባ፣ ክሪኩ ወረደ። ፔዳሉን ይረግጣል፣ ባዶ፣ ይረግጣል፣ ለስላሳ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ጠንካራ፣ ከእግሩ በታች የሆነ ነገር እሺ አይልም፣ ዘይቱን ያያል፣ ከመስመሩ ላይ ነው፣ ክዳኑን ይገጥማል፣ እና በሩ ተከፍቶ ነርሷ ላንጊን ይዛ ትወጣለች።

እጁን ታያለች። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?

ጥቁር ነው ይላል።

ጥቁር መሆኑን አየሁት፣ አንተ ልጅ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እሷ ሰባ ሦስት፣ ልጅ ትለዋለች፣ ደግፎ ያስገባታል፣ ማናሴ በእጁ ሰላምታ ይሰጣል፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው እንዴት ደስ ይላል።

ዳገቱ። ጉም። አናቱ ላይ ነፋስ አለ፣ ከዚያ መንገዱ ወደ ታች ያጎነብሳል፣ ደቡቡ ባሕር ከእግራቸው ሥር ተዘርግቷል፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ ለምን አይሆንም፣ ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ፣ በእግሩ ጣት ብቻ ነካ፣ ያዘ፣ ድምፅ የለም፣ ምንም፣ ሁለተኛው መታጠፊያ፣ ያዘ፣ ይሄን ሁሉ ያደረገው እሱ ነው፣ በካርቶንና በከሰል፣ ጋራዥ ሳይቆም፣ ሴሚሲን ሳያበላ፣ ሳምንቱ ውስጥ ስምንተኛ ቀን ያገኘ ሰው ነው፣ ደረቱ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ከመንገዱ ሁሉ የከፋው ቁልቁለት ጋ ይደርሳል፣ ሰው በሩን ይዞ የሚጸልይበት፣ ከፊት መኪና የለም፣ ከኋላ የለም፣ አሳማ የለም፣ ልጅ የለም፣ ረገጠ።

ፒካፑ ቆመ። ሁለት ሰው፣ አንድ ተራራ፣ በአንድ እግር።

ላንጊ መንገዱን ታያለች፣ ግራውን ታያለች፣ ቀኙን ታያለች፣ ወንድሟን ታያለች።

ለምን ቆምክ?

መቆም ስለቻልኩ ይላል።

ቀስ ብሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ እያለቀሰች መስሎት ይደነግጣል፣ አይደለም፣ እየሳቀች ነው፣ ላንጊ፣ ጥርሷ ሁሉ ታይቶ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። እስቲ ድገመው ትላለች።

እግሩን ያነሳል፣ ይለቃል፣ ትንሽ ወርደው ይረግጣል፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይለቃል፣ ደግሞ ይቆማሉ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ፣ እንደዚያ።