የአቡጀዲው ካርታ

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ዓመተ ምሕረት» ይሏቸዋል። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላቸው ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እሳቸው ዘንድ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ንጉሥ ይውደቅ፣ ከተማ ይቃጠል፣ እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ?» ብለው ነው። ዓመቱን የሳተ ተማሪ ሌላውን እንደ ውሃ ቢጠጣውም ምስጋና አያገኝም።

ስልጠና ሲባል ደግሞ ፊታቸው ይጠቁራል። ስንቱን አይተውታል! በየጥቂት ዓመቱ አዲስ የማስተማር ዘዴ ይመጣና የታሪክ መምህራን በሙሉ ለክረምት ይጠራሉ። ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ባለቀለም ማርከር ይታደላል፣ «በቡድን ተወያዩ» ይባላል። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያቀርባል፣ የቀረው ሻይ እስኪደርስ ሰዓቱን ያያል። ክረምቱ ሲያልፍ ዘዴውም አብሮ ያልፋል።

ድሮ ግን ስልጠና ይጣፍጣቸው ነበር፤ እሷ ነበረቻ። ባለቤታቸውን ያገኟት እዚያው ነው። ገና ሁለቱም ጀማሪ መምህራን ሳሉ፣ ልክ ለምሳ ሊነሡ ሲሉ አንዲት አጭር ልጅ እጇን አውጥታ ጥያቄ ጠየቀች፤ አሰልጣኙ መለሰላት፣ መልሱን አልተቀበለችውም፣ ምሳው ቀዘቀዘ። አዳራሹ በሙሉ በዓይኑ በላት። እሳቸውም ሊወቅሷት ቆርጠው ካፍቴሪያው ሰልፍ ላይ አጠገቧ ቆሙ፤ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ትሪዋን ተሸክመውላት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያለው ክረምት ሁሉ የሁለቱ ነበር። እሷ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ያንቀላፋሉ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ያመለጣቸውን መንገድ ለመንገድ ትተርክላቸዋለች። ከእሷ የሰሙት ከአሰልጣኙ ይበልጥ እንደነበር ዛሬም አይክዱም።

የዘንድሮው ካረፈች ወዲህ ያለሷ የሚሄዱበት የመጀመሪያው ስልጠና ነው።

አንድ ነገር ይቆጫቸዋል። ባንድ ትምህርት ቤት፣ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች፣ ያንኑ ትምህርት ለሁለት ምድብ ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው የታሪክን ክፍለ ጊዜ ለሁለቱም ባንድ ሰዓት ስለሚያደርገው፣ እሳቸው ሲገቡ እሷም ትገባለች፣ እሷ ስትወጣ እሳቸውም ይወጣሉ። ስለዚህ ስታስተምር አንድ ቀን አይተዋት አያውቁም። የሚያውቁት በግድግዳው የሚመጣውን ጫጫታ ብቻ ነው። ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ ጠብ የተነሣ ይመስላል። እሳቸው በዳስተር ግድግዳውን ይደበድባሉ። ምሳ ላይ ሲገናኙ «ዛሬም ገበያ ዋልሽ» ይሏታል። «ገበያውማ ደርቶልኝ ነበር» ትላለች፣ ሳትናደድ። ዝም ማሰኘት አቅቷት ነው ብለው በሆዳቸው ያዝኑላት ነበር።

ከክፍሏ የቀረላቸው አንድ ካርታ ነው። የጥንቱን የንግድ መንገድ፣ ባሕሩን፣ በረሃውንና ከተሞቹን አንድ ዕረፍት ሙሉ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አቡጀዲ ላይ የሣለችው ነው። እስክትታመም ድረስ ክፍሏ ተሰቅሎ ኖረ፤ ስታርፍ ርዕሰ መምህሩ ጠቅልሎ ቤት አመጣው። ሊዘረጉት አልደፈሩም፣ ቁም ሣጥን ላይ ከረመ።

በቅርቡ ልጃቸው አግኝታ ዘረጋችው። ቀለሙ ተፋፍቋል፣ መንገዶቹ ጠቁረዋል፣ ቀኝ ጠርዙ ላይ ደግሞ የሰሃን ያህል የቅባት እድፍ አለ። «እማዬ እንዲህ አድርጋ አልሣለችውም» ብላ አዘነች። አሮጌ ሥዕል የሚያድስ ባለሙያ አፈላልጋ አነጋገረች፤ ታጥቦ፣ ቀለሙ ተመልሶ፣ በመስታወት ሆኖ ሳሎን እንዲሰቀል ተስማሙ። እድፉ ክፉ ነው፣ ግን ጠንከር ባለ መድኃኒት ይለቃል አለ ሰውየው። አባትም ደስ አላቸው። እሷ የሣለችው ዕለት እንደነበረው ሆኖ ሊያዩት ጓጉ። ልጅቱ ጠቅልላ መኪናቸው ውስጥ አስቀመጠችውና ከስልጠና ሲወጡ እንዲያደርሱት አደራ አለቻቸው።

ለዚያ ዕለት አሰልጣኟ፣ የልጃቸው እኩያ የምትሆን ሴት፣ ሁሉም አንድ አሮጌ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ነግራ ነበር። እሳቸው ረስተውታል። ተራቸው ሲደርስ ባዶ እጃቸውን ከሚያፍሩ ብለው ወጡና ካርታውን ከመኪና አመጡ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቡድኑ ዕቃውን እንደ ታሪክ ማስረጃ ይመረምራል፤ የማን እንደነበር፣ ምን እንደተሠራበት ከራሱ ከዕቃው ያወጣል። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው አይናገርም። መልሱን የሚያውቅ ሰው አፉን ከከፈተ ሌላው ማየት ያቆማል አለች አሰልጣኟ። ጋሽ ዓመተ ምሕረት ዝም በሉ ከተባሉ ስንት ዘመናቸው!

ቡድናቸው ውስጥ ሁለት መምህራን አሉ፤ አንድ ሪዛምና አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት። ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ካርታውን ዘረጉት። ሪዛሙ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጥቂት ዞረና ፍርዱን ሰጠ። መምህሩ ቁጡ ወንድ ነው፤ ቀለሙ እንዲህ የተላላጠው በዱላ እየደበደበ ሲያስተምር ነው፤ ለዕቃም ግድ የለው፣ ዘይት ደፍቶበታል።

የአዛውንቱ ደም ፈላ። አፋቸውን ሲከፍቱ አሰልጣኟ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ምላሳቸውን ነክሰው ተቀመጡ።

ባለመነጽሯ ለፍርድ አልቸኮለችም። ጎንበስ ብላ አፍንጫዋ ጨርቁን እስኪነካ ድረስ ስታይ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ባሕሩ ዳር ካለችው ወደብ ላይ አሳረፈችና በጠቆረው መንገድ ቀስ እያለች ወሰደችው።

«ይሄ ዱላ አይደለም» አለች። «ዱላ ቢሆን የትም የትም ይመታ ነበር። የተፋቀው መንገድ መንገዱ ብቻ ነው። በጣት የተሄደ ነው።»

ሪዛሙ የመምህሩ ጣት ይሆናላ አለ። እሷ ግን ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሳየችው። መምህር እጅ ላይ የሚገኘው ጠመኔ ነው፤ ይሄ የእስክሪብቶ ቀለም ነው፤ የጣቶቹም አሻራ ጠባብ ጠባብ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው እየወጡ ነጋዴ ሆነው የተጓዙበት ነው አለች። ከአንዲት ከተማ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር፣ አንዱ ወደ በረሃ። እዚያ ላይ ቀለም የሚባል አልቀረም፣ አቡጀዲው ራሱ ሳስቷል።

«እዚህ ሲደርሱ ሁሉም ይቆማሉ» አለች። «በየት እንሂድ ተባብለው የሚከራከሩ ይመስለኛል። የተቀመጡትም ከኋላ ይጮሁላቸዋል።»

አዛውንቱ ወደ ካርታው ጠጋ አሉ። ያ ሁሉ ጫጫታ ይሄ ኖሯል! እሳቸው በዳስተር ሲደበድቡ፣ ከማዶ ልጆች ሸቀጣቸውን ጭነው በረሃ እያቋረጡ ነበር። በሳቸው ክፍል የተሰቀለው ካርታ ዛሬም እንደ አዲስ ነው፤ ማንም እንዲነካው ፈቅደው አያውቁም።

ሪዛሙ ጥሩ ሰው ኖሮ ቁጡውን ወንድ ሳይከራከር ጣለውና አዲስ ጥያቄ አመጣ። እሺ፣ ካርታው ላይ ልጆቹ ናቸው፤ መምህሩስ የት ነበር?

ባለመነጽሯ ወደ ቀኝ ጠርዝ ዞረች፤ ወደዚያ ወደ ትልቁ እድፍ። እዚያ መንገድም ከተማም የለም፣ ጣት የሚያደርስ ነገር የለም። አሸተተችው። ዘይት ቢሆን ኖሮ ወደ ታች ይንጠባጠብ ነበር፤ ይሄ ቀስ በቀስ፣ ቀን በቀን የገባ የፀጉር ቅባት ነው አለች። ከሥሩ ጨርቁ በትከሻ ስፋት ተፈግፍጓል። ከተተረተረው ጠርዝ ላይም በጥፍሯ አንድ ክር መዝዛ አወጣች፤ የሹራብ ክር፣ አረንጓዴ።

ያንን ሹራብ ያውቁታል። አሁንም መኝታ ቤት በር ጀርባ ተሰቅሏል።

«ሴት ናት» አለች ባለመነጽሯ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቦታውን ለልጆቹ ለቃላቸው፣ እዚህ ጥግ ጭንቅላቷን ደገፍ አድርጋ ትሰማቸዋለች። ለዓመታት እዚችው ቦታ ነው የቆመችው።»

አሰልጣኟ አሁን ባለቤቱ መናገር ይችላሉ፣ የተሳሳትነውን ያርሙን አለች። ሁሉም ወደሳቸው ዞሩ። ሲያርሙ የኖሩ ሰው የሚያርሙት አጡ። አጭር መሆኗን፣ ግትር መሆኗን፣ የእሳቸው መሆኗን ሊነግሯቸው ፈልገው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከእድፉ አልነሣ አለ። ካርታው የት ተሰቅሎ እንደነበር ያውቃሉ። ሚስማሩን የመቱላት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው፣ ቀኝ ጠርዙም እስከ ኋለኛው ጥግ ይደርስ ነበር።

«ልጆቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ» አሉ፣ «እኔ ከኋላ ጥግ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ ነው የምጠብቃቸው። ሁልጊዜ። ካርታው የተሰቀለበት ያው ግድግዳ ነው፤ ባለቤቴ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ።»

መጀመሪያ የገባት ባለመነጽሯ ናት፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ሪዛሙ ክሩን ከጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አነሣና መልሶ ጠርዙ ላይ አኖረው። አዛውንቱ መዳፋቸውን እድፉ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ካርታውን ቀስ ብለው ጠቀለሉት።

ከስልጠናው ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነበረች።

«አባዬ፣ ሰውየው መድኃኒቱን በጥብጦ እየጠበቀህ ነው። የት ደረስክ?»

ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ አላመጣውም አሏት። ደነገጠች፤ ደውሎ ዋጋውን ጨምሮብህ ነው ወይ፣ ተናግሮህ ነው ወይ ብላ አከታተለችባቸው። ምንም አላደረገኝም አሉ።

«ታዲያ ያ ሁሉ እድፍ እንዳለ ይሰቀል?»

«እንዳለ ይሰቀል» አሉ። «አትንኩት የኔ ልጅ። እናትሽ ተደግፋዋለች።»